ሺልዱ የት ታስሮ ነው የተፈተሸው?

ጥያቄ፦ «የማሽን ፓኔል እንሠራለን። ሺልድ (በሽቦዎቹ ዙሪያ የተጎነጎነ የመዳብ ሽሩባ) ያለው ኮንትሮል ኬብል ገዛን። ባለ 12 ኮር (የተሸፈነ ሽቦ) ነው፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ 300/500 ቮልት፣ ድራሙ 500 ሜትር። ደንበኛችን የኬብሉን የኤሌክትሪክ ደኅንነት ሰርተፍኬት አምጡ አለን። ሻጩ አንድ ወረቀት ላከልን፤ ‹60227 አይኢሲ 75› ይላል። ኬብሉ ላይ የሲኢ ምልክት ታትሟል። እኛም በራሳችን ሞከርን። አንዱን ኮር ከሌሎቹ ኮሮችና ከሺልዱ ጋር በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ መለኪያ) ስንለካ 180 ሜጋኦም አገኘን። በሃይፖት (የከፍተኛ ቮልቴጅ መፈተሻ ማሽን) ወደ 2000 ቮልት ልናደርሰው ስንል ግን ገና 300 ቮልት አካባቢ ማሽኑ ‹ፌል› ብሎ ቆመ። መቁረጫው 10 ሚሊአምፔር ላይ ነበር። ኬብሉ ተበላሽቷል ማለት ነው? ሜገሩን እንመን ሃይፖቱን? ወረቀቱስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

ቁጥሮቹን አብረው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ሃይፖት ላይ ወደቀብኝ» ብቻ ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ ስንት ሜትር፣ ስንት ቮልት፣ ስንት ሚሊአምፔር እንደሆነ ጽፈዋል። የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ አለ።

ባጭሩ ልንገርዎት። ኬብሉ ስለመበላሸቱ እስካሁን ምንም ማስረጃ የለዎትም። ሃይፖቱ የቆመው ኢንሱሌሽኑ (የኮሩ የፕላስቲክ ሽፋን) ስለተበሳ አይመስለኝም፤ ድራሙ ረጅም ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ግን ችግር አለበት፤ የእርስዎን ኬብል አይመለከትም። ሁለቱንም አስረዳለሁ።

መጀመሪያ ሃይፖቱ ለምን እንደቆመ እንይ። ሁለት ብረት በመካከላቸው ፕላስቲክ ካለ ካፓሲተር ነው። ሺልድ ያለው ኬብል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው የተሠራው። ኮሩ መሐል አለ፣ ፒቪሲው ይሸፍነዋል፣ ዙሪያውን ሌሎቹ ኮሮችና የመዳብ ሽሩባው ያቅፉታል። በእንዲህ ዓይነት የፒቪሲ ኬብል አንድ ኮር ከሌሎቹና ከሽሩባው ጋር በሜትር 200 ፒኮፋራድ ገደማ ይይዛል ብለን እናስላ፤ ከተለመደው መጠን የራቀ አይደለም። በ500 ሜትር 100 ናኖፋራድ ይሆናል።

አሁን 2000 ቮልት ኤሲ በ50 ኸርዝ ይስጡት። ከረንቱ 2 ሲባዛ በ3.14፣ ሲባዛ በ50፣ ሲባዛ በ100 ናኖፋራድ፣ ሲባዛ በ2000 ነው። ውጤቱ 63 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምንም እንከን በሌለው ኬብል ላይ ነው! የእርስዎ ማሽን 10 ሚሊአምፔር ሲደርስ ይቆርጣል። 10 ሚሊአምፔር የሚደረሰው ስንት ቮልት ላይ ነው? 10ን ለ63 አካፍለው በ2000 ሲያባዙት 318 ቮልት ያገኛሉ። እርስዎ «300 ቮልት አካባቢ» ብለው የጻፉት ይኸው ነው። ቁጥሩን ሳይ ወዲያው የጠረጠርኩት ለዚህ ነው።

ይህ ከረንት በኢንሱሌሽኑ ውስጥ አልፎ የሚያፈስ አይደለም። ኬብሉን እየሞላና እያጎደለ የሚመላለስ ነው። ተራ ሃይፖት ግን ሁለቱን አይለይም፤ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ነው የሚያየው። እርስዎ ግን በዓይንዎ ሊለዩት ይችላሉ። ቮልቱን ቀስ ብለው ሲጨምሩ ከረንቱም በዚያው ልክ እኩል እየጨመረ ከሄደ፣ ያ የመሙያ ከረንት ነው። ኢንሱሌሽን ሲበሳ እንዲህ አይሄድም። ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት ዘሎ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ጫፉ ላይ ጠጠር ያለ የመሰንጠቅ ድምፅ ይሰማል።

እባክዎ መቁረጫውን ወደ 100 ሚሊአምፔር ከፍ አድርጌ ልሞክር እንዳይሉ። 10 ሚሊአምፔር ኤሲ እንኳን የሰው እጅ ጨምድዶ የያዘውን እንዳይለቅ ሊያደርግ ይችላል። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲሆን ልብ ላይ አደጋ አለው። በ2000 ቮልት 100 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ማሽን ትክክለኛ አጥርና መቆለፊያ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚሠራበት እንጂ በወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ናሙና ይቁረጡ። አይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ያወጣው የ60227 ስታንዳርድ ቤተሰብ ራሱ የተጠናቀቀ ኬብል የቮልቴጅ ሙከራ በ10 ሜትር ናሙና ላይ እንዲሠራ ነው የሚያዝዘው። በ10 ሜትር የመሙያው ከረንት 1.3 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። መቁረጫዎን 5 ላይ ቢያደርጉት በቂ ነው፤ እውነተኛ ብልሽት ካለ ደግሞ አያመልጥዎትም።

አሁን ወደ ሜገሩ እንሂድ። 180 ሜጋኦም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ብቻውን ምንም አይልም። የኬብል ኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ብዙ ሜትሮች ጎን ለጎን ሆነው ያፈስሳሉ። ስለዚህ የሚነጻጸረው በሜጋኦም ኪሎሜትር ነው። 180ን በ0.5 ኪሎሜትር ያባዙ፤ 90 ይሆናል። ብዙ አምራቾች ለፒቪሲ ኮንትሮል ኬብል በክፍል ሙቀት ቢያንስ 20 ሜጋኦም ኪሎሜትር ይጽፋሉ። የእርስዎ ከዚያ በደንብ በላይ ነው። ከዚሁ ድራም 100 ሜትር ብቻ ቢለኩ 900 ሜጋኦም ባዩ ነበር። ኬብሉ አልተለወጠም፣ ርዝመቱ ነው የተለወጠው።

የላብራቶሪው ቁጥር ደግሞ ሊያስደነግጥዎት ይችላል። ለዓይነት ሙከራ፣ ማለትም አንድ የኬብል ዓይነት ሲጸድቅ ለሚሠራው፣ የሚለካው ኮሩ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቅ ውኃ ውስጥ 2 ሰዓት ቆይቶ ነው። ፒቪሲ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ እጅግ ይወርዳል። ለ1.5 ካሬ ኮር በ70 ዲግሪ የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 0.01 ሜጋኦም ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ሪፖርት ላይ 0.05 የሚል ቢያዩ «ይሄማ ሾርት ነው» ብለው አይጣሉት። የሙቅ ውኃ ቁጥር ነው፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

ታዲያ ሜገሩ ጥሩ ካለ ሃይፖት ለምን ያስፈልጋል? እዚህ ጋ ነው ሺልዱ ነገሩን የሚለውጠው።

ከዓመታት በፊት አንድ ማሽን ያለ ምክንያት ብሬከር እየጣለ አስቸገረን። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ይጥላል፣ ሲደርቅ ይሠራል። በሜገር ስንለካ ሁሌም ንጹሕ። በመጨረሻ ኬብሉን አውጥተን የውጭውን ሽፋን በቁመቱ ሰነጠቅነው። ሽሩባውን ጣት በጣት እየገፋን ሄድን። ከአንድ ቦታ ላይ ከሽሩባው ክሮች አንዷ ተበጥሳ ጫፏ ወደ ውስጥ ዞሯል። ከፀጉር ብዙም የማትወፍር ክር ናት። ፒቪሲው ላይ የስፒል ጫፍ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ነበር። ክሯ ኢንሱሌሽኑን ወግታ ገብታለች፤ መዳቡን ግን አልነካችም።

በዚያች ነጥብ ውስጥ የቀረው ትንሽ አየር ነው። ደረቅ አየር 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም 500 ቮልትን ይችላል። ሜገሩ አየሩን ከጥሩ ኢንሱሌሽን አይለይም፤ ሁለቱም ለሱ «ክፍት» ናቸው። 2000 ቮልት ኤሲ ግን የሞገዱ ጫፍ 2800 ቮልት ይደርሳል። በ0.2 ሚሊሜትር አየር ላይ ያለ ጥርጥር ይዘላል። ስለዚህ «የቱን ልመን» ላሉት፣ ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። ሜገር እርጥበትን፣ ብክለትን፣ ያረጀ ፒቪሲን ያገኛል። የሳሳና የተወጋ ቦታን የሚያወጣው ሃይፖት ነው።

የዚያ ኬብል የፍተሻ ሪፖርት ከፋይሉ ውስጥ ነበር። «አልፏል» ይላል። ቀስ ብዬ ሳነበው ሙከራው ሁሉ ከኮር ወደ ኮር ነው። ሺልዱ የትም አልተጠቀሰም። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሽሩባው ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ከኮር ወደ ሺልድ ያለው ኢንሱሌሽን አንድ ቮልት እንኳን አልቀመሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኛውንም ሺልድ ያለው ኬብል ሪፖርት ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሺልዱ የት ታስሮ ነበር?

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። አንድ ኮር ላይ ቮልቴጁ ይሰጣል። የቀሩት ኮሮች በሙሉ እርስ በርስ ታስረው ከሺልዱ ጋር አንድ ላይ ወደ ኧርዝ ይገባሉ። 300/500 ቮልት ለሆነ ኬብል 2000 ቮልት ኤሲ ለ5 ደቂቃ ነው፤ 450/750 ለሆነው 2500 ቮልት። ከዚያ ተራው ወደሚቀጥለው ኮር ያልፋል። ሁሉም ተራቸውን ሲጨርሱ ኮሮቹ በሙሉ ባንድ ወገን፣ ሺልዱ በሌላ ወገን ሆነው አንድ ጊዜ እንደገና ይሞከራሉ።

ይህንን በእርስዎ ኬብል ላይ እናስላው። 12 ኮር በ5 ደቂቃ 60 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ሲጨመር 65። ሪፖርቱ መነሻና መድረሻ ሰዓት ካለው ይመልከቱት። ባለ 12 ኮር ኬብል በ10 ደቂቃ አልቆ ከሆነ በምን ዘዴ እንደሠሩት መጠየቅ መብትዎ ነው። ኮሮችን በቡድን አስረው አሳጥረው ከሆነም መጻፍ አለባቸው።

ብዙ ሰው «ሺልድ ያለው ኬብል ውኃ ውስጥ አይገባም ወይ?» ይላል። የተጠናቀቀ ኬብል ውኃ ውስጥ የሚገባው በውስጡ የብረት ሽፋን ከሌለው ነው። ያኔ ውኃው ራሱ የሺልድን ቦታ ይይዛል፤ ወደ ቀዳዳው ገብቶ ብልሽቱን ያጋልጣል። ሺልድ ካለ ሽሩባው ያንን ሥራ ይሠራል። ግን ሽሩባ እንደ ውኃ ሁሉንም ቦታ አይነካም። ለዚህ ነው ኮሮቹ ከኬብሉ ተፈልቅቀው ወጥተው፣ 5 ሜትር እየሆኑ፣ ለብቻቸው ውኃ ውስጥ የሚሞከሩት። የኮሩ ኢንሱሌሽን ከ0.6 ሚሊሜትር በላይ ከወፈረ 2000 ቮልት ነው፤ ለ300/500 ቮልት ኬብል 0.6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 1500። ሁለቱም ሙከራዎች ሪፖርቱ ላይ መኖር አለባቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከሽሩባው ወደ ውጭ ያለው ሽፋንስ? እሱ በፋብሪካ ውስጥ ኬብሉ ሲመረት በስፓርክ ማሽን ውስጥ እያለፈ ሊፈተሽ ይችላል። ያኔም ሺልዱ ኧርዝ መደረግ አለበት። ካልሆነ ስፓርኩ የሚዘልበት ቦታ ስለማያገኝ ቀዳዳው ሳይታይ ያልፋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሻጩ የላከው «60227 አይኢሲ 75» ይላል። የአይኢሲ 60227 ክፍል 7 ስለ ተጣጣፊ ኮንትሮል ኬብሎች ነው። ሁለት ዓይነት ይዟል። 74 ዘይት የሚቋቋም የፒቪሲ ሽፋን ያለው፣ ሺልድ ያለው ነው። 75 ተመሳሳዩ ሆኖ ሺልድ የሌለው ነው። የእርስዎ ኬብል ሽሩባ አለው፤ ወረቀቱ ሽሩባ ስለሌለው ወንድሙ ነው የሚያወራው። ኮሮቹ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ፋብሪካውም አንድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የ75 ናሙና ላይ ከኮር ወደ ሺልድ የሚባል ሙከራ ሊኖር አይችልም፤ ሺልድ የለውማ! ደንበኛዎ ያነበበው ቀን ይመልሰዋል።

ሻጩ አውቆ አታሏል ማለቴ አይደለም። በካታሎግ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ኬብሎች ናቸው፤ አንድ አኃዝ ነው የሚለያቸው። ግን ይታረምልዎ።

የሲኢ ምልክቱን በተመለከተ፣ ሰርተፍኬት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት የዝቅተኛ ቮልቴጅ ደንብ፣ 2014/35፣ አምራቹ ራሱ ነው «ምርቴ ያሟላል» ብሎ የሚያውጀው። ደንቡ ከ50 እስከ 1000 ቮልት ኤሲና ከ75 እስከ 1500 ቮልት ዲሲ ያለውን ይመለከታል። የሦስተኛ ወገን ማረጋገጫ በዚህ ደንብ ግዴታ አይደለም። ምልክቱ ዋጋ ቢስ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ከጀርባው የቴክኒክ ፋይል መኖር አለበት። የተስማሚነት መግለጫውን ይጠይቁ። ኬብሉ በሕንፃ ውስጥ በቋሚነት የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ ኢኤን 50575 በሚባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ መሠረት የእሳት ደረጃው መገለጽ አለበት። በፓኔልና በማሽን ውስጥ ለሚቀር ኬብል ይህ አይነሳም። ማሽኑ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄድ ከሆነ ሲኢ አይሠራም፤ የዩኤል (የአሜሪካ የደኅንነት ማረጋገጫ ድርጅት) ወይም የመሰሉ ምልክቶች ይጠየቃሉ። እዚያም ቢሆን በራሱ ለመዘርጋት የተፈቀደ ኬብልና እንደ መሣሪያ አካል ብቻ የታወቀ ሽቦ ለየብቻ ናቸው። ደንበኛዎን «በየትኛው ደንብ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁት። ይህች አንድ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

የፍተሻ ሪፖርትና ሰርተፍኬትም ይለያያሉ። ሪፖርት የሚለው «ይህ ወደኛ የመጣው ናሙና ይህን ውጤት አሳየ» ነው። ከናሙናው ውጭ አይናገርም። ሰርተፍኬት ግን የዓይነቱን ስም፣ የኮር ቁጥርና የውፍረት ወሰን፣ የተመረተበትን ፋብሪካ፣ የስታንዳርዱን እትም ዓመት ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ፋብሪካው በየጊዜው እንደሚጎበኝ ይገልጻል። ላብራቶሪው በአይኤስኦ/አይኢሲ 17025 እውቅና እንዳለውና እውቅናው በትክክል የኬብል ሙከራን እንደሚጨምር ይመልከቱ። የምግብ ላብራቶሪም 17025 ሊኖረው ይችላል። ወሰኑ ነው ዋናው።

ሌሎቹን ሙከራዎች በፍጥነት ልለፍባቸው። የኢንሱሌሽን ውፍረት በማይክሮስኮፕ ይለካል። መደበኛው 0.7 ሚሊሜትር ከሆነ አማካዩ ከ0.7 ማነስ የለበትም፤ የትኛውም አንድ ነጥብ ደግሞ ከ0.53 በታች መውረድ የለበትም። ፒቪሲው 80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 7 ቀን ቆይቶ ይጎተታል፤ ጥንካሬውና መለጠጡ ከ20 በመቶ በላይ መለወጥ የለበትም። የእሳት ሙከራው በአይኢሲ 60332 ክፍል 1 ቁጥር 2 ነው። 600 ሚሊሜትር የሆነ ኬብል ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ በ1 ኪሎዋት ነበልባል ይለበለባል፤ እስከ 25 ሚሊሜትር ለወፈረ 60 ሰከንድ ነው። እሳቱ በራሱ ጠፍቶ ከላይኛው መያዣ በታች ቢያንስ ከ50 ሚሊሜትር በላይ ሳይከስል መቅረት አለበት። ይህ ለአንድ ነጠላ ኬብል ነው። በትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ላይ ተደርድረው ስለሚሄዱ ብዙ ኬብሎች ምንም አይናገርም፤ ለሱ ክፍል 3 አለ።

አንዱን ሙከራ ግን ነገ ጠዋት ራስዎ ሊሠሩት ስለሚችሉ እዚህ ትንሽ ልቆይ። የመዳቡ ሬዚስታንስ ነው። ለተጣጣፊ ኮር፣ ማለትም በአይኢሲ 60228 ክላስ 5 ለሚባለው፣ 1.5 ካሬ ባዶ መዳብ በ20 ዲግሪ በኪሎሜትር ከ13.3 ኦም መብለጥ የለበትም። የኮሩ ክሮች ቆርቆሮ የተለበጡ ከሆነ 13.7 ነው። በድራሙ ሌላኛው ጫፍ የሁለት ኮሮችን መዳብ እርስ በርስ ያገናኙ። በዚህኛው ጫፍ በጥሩ ኦም ሜትር ይለኩ። 500 ሜትር ሄዶ 500 ሜትር ይመለሳል፤ ስለዚህ በቀጥታ 13.3 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማንበብ አለብዎት። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ መዳብ በዲግሪ 0.39 በመቶ ስለሚጨምር እስከ 13.8 ድረስ ይፈቀዳል። 15 ወይም ከዚያ በላይ ካዩ ክሩ ቀጥኗል፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እዚህ ላይ ድራሙ በእውነት 500 ሜትር መሆኑን በሽፋኑ ላይ ከታተመው የሜትር ቁጥር ያረጋግጡ። አጭር ድራም ቀጭን መዳብን ይደብቃል።

ጽሑፉንም ይፈትሹ። ውኃ የነካ ጥጥ ይዘው ቀለል አድርገው 10 ጊዜ ያሹት፤ መጥፋት የለበትም። በውጭ ሽፋን ላይ የአንዱ ጽሑፍ መጨረሻና የሚቀጥለው መጀመሪያ ከ550 ሚሊሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም። አረንጓዴ ቢጫው ኮር ላይ ደግሞ በየትኛውም 15 ሚሊሜትር ርዝመት ውስጥ አንዱ ቀለም ከ30 በመቶ ያላነሰ፣ ከ70 በመቶ ያልበለጠ መሸፈን አለበት። ጥቃቅን ይመስላሉ። ግን እነዚህን ያላሟላ ፋብሪካ ሌላውንም በጥንቃቄ ሠርቷል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

አሁን የ10 ሜትሩን ናሙና እንዴት እንደሚያዘጋጁ። አብዛኛው የወርክሾፕ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የውጭውን ሽፋን ከሁለቱም ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ያህል ያውልቁ። ሲቆርጡ ቢላውን እስከ ሽሩባው አይጫኑት። ዙሪያውን ጫር አድርገው አጥፈው ይስበሩት። ቢላው ሽሩባውን አልፎ ኮሩን ከጫረው፣ ያገኙት ብልሽት የራስዎ ይሆናል። ሽሩባውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ጠርዙን በቴፕ ጠቅልለው ይሰሩት። ከሽሩባው ጠርዝ እስከ ባዶው መዳብ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ንጹሕ ኢንሱሌሽን ይኑር። ከዚያ በመብራት ይመልከቱ። የተቆረጡ የሽሩባ ክሮች ኮሮቹ መሐል ይወድቃሉ፤ እንደ ብናኝ ናቸው፣ በእጅም አይዳሰሱም። በደረቅ ጨርቅ ያራግፏቸው። የሩቁ ጫፍ ኮሮችን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው፣ እርስ በርስም ጠረጴዛውንም ሳይነኩ በአየር ላይ ይተዋቸው። ሲሞክሩ ብልጭታ ካዩ መጀመሪያ ጫፎቹን ይጠርጥሩ። ጫፍ ላይ የዘለለ ብልጭታ ኬብሉ ወደቀ ማለት አይደለም፤ አስተካክለው ይድገሙት።

ቦታውን አጥረው፣ ሁለት ሰው ሆነው ይሥሩ፤ አንዱ ማጥፊያው ጋ ይቁም። ቮልቱን ከዜሮ ቀስ ብለው ያውጡ። ሲጨርሱ ወደ ዜሮ መልሰው ኮሩን በኧርዝ ዘንግ ይንኩት። ዲሲ ተጠቅመው ከሆነ ዘንጉን ቶሎ አያንሱት። ፒቪሲ ውስጥ የቀረው ቻርጅ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣል፤ «አፍስሼዋለሁ» ብሎ የነካ ሰው ሲመታ አይቻለሁ። ሙከራው እስኪጠናቀቅና ኮሮቹ በሙሉ ታስረው ኧርዝ እስኪሆኑ ድረስ ማንም አይጠጋ።

ናሙናው ካለፈ ስለዚህ ድራም ልብዎ ያርፍ። ለደንበኛዎ ግን ሰርተፍኬት አይሆንም፤ ያንን የሚሰጠው ገለልተኛ አካል ነው።

ኬብሉ ማሽኑ ላይ ከተዘረጋ በኋላ 2000 ቮልት አይሞክሩ። በአይኢሲ 60204 ክፍል 1 መሠረት በማሽኑ የኃይል ገመዶችና በኧርዝ መካከል በ500 ቮልት ዲሲ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ይፈለጋል። ፒኤልሲ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) እና ሴንሰር ካለ መጀመሪያ ይንቀሉ። ሺልዱንም ከኧርዝ ፈትተው ከኮሮቹ ጋር ለብቻው ይለኩት። ሲዘረጋ የተጎዳ ኬብል የሚታየው እዚያ ነው።

ስለ ሺልዱ አንድ የመጨረሻ ነገር። ሺልድ ኧርዝ ያልሆነ እንደሆነና አንድ ኮር ከነካው፣ ከግላንዱ (ኬብሉ ወደ ፓኔሉ ሲገባ የሚይዘው ማሰሪያ) ጀምሮ ሰው የሚነካው ብረት ሁሉ ላይቭ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ጫፍ በደንብ ይታሰር፤ ተንሳፋፊ የቀረ ጫፍ ካለ በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ይሸፈን። ነገር ግን ሽሩባውን በመከላከያ ኧርዝ ቦታ አይጠቀሙበት። ያ የአረንጓዴ ቢጫው ኮር ሥራ ነው። ሺልዱ የኤሌክትሪክ ሁከት ምን ያህል ይከለክላል የሚለውም በደኅንነት ሰርተፍኬት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። እሱ ትራንስፈር ኢምፒዳንስ በሚባል ሌላ ልኬት ይገለጻል። በብዙ የኮንትሮል ኬብል መግለጫዎች ላይ በ30 ሜጋኸርዝ ቢበዛ 250 ኦም በኪሎሜትር ተብሎ ያገኙታል።

ለሻጩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «የላካችሁት ወረቀት የ75 ነው፤ የገዛነው 74 ነው። የ74ን ሰርተፍኬት ከነሙሉ ሪፖርቱ ላኩልን። ሪፖርቱ በቮልቴጅ ሙከራው ላይ ሺልዱ ከምን ጋር ታስሮ እንደነበር፣ ስንት ቮልት ለስንት ደቂቃ እንደተሰጠ፣ ኮሮቹም ለብቻቸው ውኃ ውስጥ መሞከራቸውን ያሳይ። በሽፋኑ ላይ የታተመው የዓይነት ስምና የፋብሪካ ምልክት ከሰርተፍኬቱ ጋር አንድ መሆኑን በፎቶ አረጋግጡልን።»

መልሱ እስኪመጣ ከድራሙ ከ10 ሜትሩ ናሙና በላይ አይቁረጡ። ሪፖርቱ ሲደርስዎ የቮልቴጅ ሙከራው ያለበትን ገጽ ይላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።